የሕፃናት የንግግርና የቋንቋ ሕክምና፡- ከአዲስ አበባ እስከ ወርቃ ያለው ክፍተት

በጌዴኦ ዞን ገደብ አካባቢ የምትገኘው ወርቃ ስሟ የሚነሳው ከቡና ጋር ተያይዞ ነው። በይርጋጨፌ ስም ለዓለም ገበያ ከሚቀርበው ቡና ከፊሉ የሚለቀመው በዚሁ ደጋማ አካባቢ ከሚገኙ የአርሶ አደር ማሳዎች ነው። እንሰት፣ ቡናና አገር በቀል ዛፎች ተሰባጥረው የሚለሙበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት /ዩኔስኮ/ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ዞኑ በሕዝብ ጥግግቱም ይታወቃል። በ1999 ዓ.ም የተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ በጌዴኦ ዞን 847 ሺህ 434 ሰዎች እንደሚኖሩ ያመለከተ ሲሆን፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በአማካይ ወደ 700 የሚጠጋ ሕዝብ ሰፍሮ እንደነበር ያሳያል። ሕዝብ በዚህ መጠን ተጠጋግቶ በሚኖርበትና የሕፃናት ቁጥር ከፍተኛ በሆነበት አካባቢ የሕፃናት ጤናና እድገት ጉዳይ የአስተዳደሩ ዐቢይ ሥራ መሆኑ አይቀርም።

ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በዚህ ረገድ የተሠራው ሥራ በአብዛኛው ሕፃናትን ከሞት በማዳን ላይ ያተኮረ ነበር። ክትባት፣ የእናቶች ክትትል፣ የወባና የሳንባ ምች ሕክምና እስከ ቀበሌ ወርደዋል። ከሞት የተረፈው ሕፃን በሚገባ ሰምቶ፣ ተናግሮና ተምሮ ለማደጉ የሚደረገው ክትትል ግን ገና በጅምር ላይ ይገኛል። አንድ ልጅ በጊዜው አፉን ሳይፈታ ሲቀር ወላጆቹ ወዴት መሄድ እንዳለባቸው የሚነግራቸው አሠራር በገጠሩ ክፍል ሥር አልሰደደም።

ችግሩ ጥቂት ቤተሰቦችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በእንግሊዝና በአሜሪካ የተካሄዱ ጥናቶች ከመቶ ሕፃናት ሰባት ያህሉ ሌላ ግልጽ ምክንያት ሳይኖር ቋንቋን በመልመድ ረገድ የጎላ ችግር እንዳለባቸው አረጋግጠዋል። ከመቶ ሕፃናት አምስት የሚሆኑት በአንድ ወቅት ይንተባተባሉ፤ አብዛኞቹ ቢተዋቸውም ከፊሎቹ እስከ ጉልምስና አብሯቸው ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ከ1 ሺህ እስከ 1 ሺህ 500 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ እንደሚወለድ፣ በዓለም ዙሪያም 34 ሚሊዮን የሚሆኑ ሕፃናት የመስማት ችግራቸው የተሐድሶ አገልግሎት የሚሻ መሆኑን ይገልጻል። እነዚህ አኃዞች ለጌዴኦ ዞን እንዳሉ የሚወሰዱ ባይሆኑም፣ በየትኛውም ቀበሌና በየትኛውም የአንደኛ ክፍል ውስጥ ችግሩ ያለባቸው ልጆች ሊኖሩ እንደሚችሉ ያስገነዝባሉ።

ሙያው የሚሠራው ሥራ

የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ብዙዎች እንደሚገምቱት የተኮላተፈ አንደበትን ማቃናት ብቻ አይደለም። በሙያው ዘንድ ንግግርና ቋንቋ ተለይተው ይታያሉ። ንግግር ማለት ድምፅን በምላስ፣ በከንፈር፣ በላንቃና በጉሮሮ ቀርጾ የማውጣት ችሎታ ሲሆን፣ ቋንቋ ደግሞ የሰሙትን የመረዳትና የራስን አሳብ በሥርዓት አዋቅሮ የመግለጽ ችሎታ ነው። አንድ ልጅ ድምፁን አጥርቶ እያወጣ የሚባለውን ላይረዳ ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ሁሉን እየተረዳ ድምፁ ሊታፈንበት ይችላል። ሁለቱ የሚያስፈልጋቸው እርዳታም የተለያየ ነው።

ባለሙያው በመጀመሪያ የሚያረጋግጠው የልጁን የመስማት ሁኔታ ነው። ያልሰማ ልጅ አይናገርምና። በገጠር ለመስማት ችግር ምክንያት ከሚሆኑት ዋነኛው በጊዜው ያልታከመና ለወራት መግል የሚፈስ ጆሮ ነው። ማጅራት ገትርና በወሊድ ወቅት የሚያጋጥም የአየር እጥረትም ተጠቃሽ ምክንያቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር ወደ 60 በመቶ የሚጠጋውን አስቀድሞ መከላከል እንደሚቻል ያስገነዝባል። ከዚህ አኳያ ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም የጀመረችው የኒሞኮካል ክትባትና በ2003 ዓ.ም የወጣው ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የንግግር ችግርን ከምንጩ ከሚቀንሱ እርምጃዎች ተርታ የሚመደቡ ናቸው።

ሁለተኛው የሥራ ዘርፍ ከንፈራቸውና ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ሕፃናትን ይመለከታል። ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ አየሩ በአፍንጫው ስለሚያመልጥ እንደ «በ»፣ «ደ»፣ «ፐ» እና «ተ» ያሉ በአፍ ውስጥ የታመቀ አየር የሚሹ ድምፆችን ማውጣት ይሳነዋል። ቀዶ ሕክምናው ክፍተቱን ይዘጋል፤ ልጁ ከዚያ በፊት የለመደውን አነጋገር ግን በራሱ አይለውጥም። ቀዶ ሕክምናው የሚመከረው ልጁ መናገር በሚጀምርበት ዕድሜ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ብዙዎች ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሱት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። በመሆኑም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለወራት የሚሰጠው የንግግር ልምምድ ከተቋረጠ የተሰፋው ላንቃ የታለመለትን ጥቅም ሙሉ በሙሉ አይሰጥም።

ሦስተኛው ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ሕፃናት የሚመለከት ነው። እዚህ ላይ ባለሙያው ከንግግር አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ አመጋገብ ነው። የመዋጥ ችግር ያለበት ሕፃን ተንጋሎ ሲመገብ ምግብና ፈሳሽ ወደ ሳንባው እየገባ ለተደጋጋሚ የሳንባ ምችና ለሞት ሊዳርገው ይችላል። መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሕፃኑን ቀና አድርጎ መያዝ፣ በትንሽ በትንሹ መስጠትና የምግቡን ውፍረት መመጠን ነው። በጌዴኦ ቤት የማይጠፋው ቡላ እንደ ውፍረቱ ተመጥኖ ሊሠራ የሚችል በመሆኑ ከውጭ ከሚመጣ ማወፈሪያ የማያንስ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል።

ኦቲዝምና ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሕፃናት፣ ያለ ግልጽ ምክንያት ቋንቋ የዘገየባቸውና የሚንተባተቡ ልጆችም የዚሁ ሙያ ተገልጋዮች ናቸው። ሕክምናው በክኒን ወይም በመርፌ የሚሰጥ አይደለም። ባለሙያው ልጁን በጨዋታ ላይ ያጠናል፣ ወላጆችን ይጠይቃል፣ ዕቅድ ያወጣል፣ ከዚያም ወላጆች በየዕለቱ በቤት ውስጥ የሚያከናውኑትን ተግባር ያሳያል። ለልጁ የሚሠራውን ነገር እየጠሩለት መሥራትን፣ ለመመለስ ጊዜ መስጠትን፣ በምልክትና በሥዕል ማገዝን ያስተምራል። ምልክትና ሥዕል መጠቀም ልጁን ከመናገር ያሰንፈዋል የሚለው አስተሳሰብ በጥናት አልተደገፈም። ባለሙያው ልጁን የሚያገኘው በሳምንት ለአንድ ሰዓት ያህል ከሆነ፣ ቀሪውን ጊዜ ልጁ የሚያሳልፈው ከእናቱ፣ ከአባቱ፣ ከእህት ወንድሞቹና ከአያቶቹ ጋር ነው። የሕክምናው ውጤትም በአብዛኛው የሚወሰነው በዚሁ ጊዜ ነው።

ዕድሜ ወሳኝ ነው። ልጁ በአንድ ዓመቱ ለስሙ ምላሽ ካልሰጠና ካልተንተፋተፈ፣ በአንድ ዓመት ተኩሉ አንድም ቃል ካልተናገረ፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃላት ማያያዝ ካልቻለ፣ ወይም በየትኛውም ዕድሜ የለመደውን ንግግር ካቆመ ሳይውል ሳያድር መታየት ይኖርበታል። ይሁንና በየአካባቢው የሚሰማው «ሲያድግ ይናገራል» የሚለው ማጽናኛ ነው። አንዳንዶችም የልጁ ምላስ ታስሯል በሚል ወደ ባህላዊ ቆራጮች ይወስዱታል። ምላስንም ሆነ እንጥልን በባህላዊ መንገድ ማስቆረጥ ንግግርን የማያፈጥን ከመሆኑም በላይ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን የሚያጋልጥ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ነው።

የቋንቋው ጉዳይ

ይህ ሙያ ከሌሎች የጤና ሙያዎች የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። ወባ በእንግሊዝኛ ተናጋሪውም ሆነ በጌዴኦፋ ተናጋሪው ደም ውስጥ አንድ ዓይነት ነው። የንግግር ችግር ግን በልጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ካልተመረመረ አይታወቅም። በመሆኑም ከውጭ የተገዛ መመዘኛ እንዳለ ተተርጉሞ ሥራ ላይ ሊውል አይችልም።

ለአብነት ያህል በአማርኛ «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» እና «ጰ» የሚባሉት ጉሮሮን ዘግቶ በአፍ ውስጥ በታመቀ አየር የሚወጡ ድምፆች በእንግሊዝኛ ቋንቋ የሉም። በደጋማው ምሥራቅ ኩሽ የቋንቋ ቤተሰብ የሚመደበው ጌዴኦፋም የዚህ ዓይነት ድምፆች አሉት። ላንቃው ለተሰነጠቀ ልጅ እነዚህ ድምፆች የተለየ ፈተና ናቸው። የእንግሊዝኛው መመዘኛ ግን ስለ እነርሱ የሚጠይቀው ነገር የለም። የድምፅ መጥበቅና መላላትም እንዲሁ ነው። «ገና» የሚለው ቃል ላልቶና ጠብቆ ሲነበብ ሁለት የተለያየ ትርጉም እንደሚሰጥ ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ያውቃል። ይህን ልዩነት መለየት ያቃተውን ልጅ ማወቅ የሚቻለው ቋንቋውን በሚያውቅ ባለሙያ ነው።

በወርቃና በአካባቢዋ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ሕፃኑ በቤቱ ጌዴኦፋ ይሰማል። በገበያና በመሥሪያ ቤት አማርኛ፣ ከአዋሳኝ የጉጂ አካባቢዎች ከሚመጡ ጎረቤቶች ደግሞ አፋን ኦሮሞ ይሰማል። በትምህርት ቤትም የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በላቲን ፊደል በሚጻፈው ጌዴኦፋ ይማራል። ሁለትና ሦስት ቋንቋ መስማት የልጅን አንደበት አያስርም። እውነተኛ የቋንቋ ችግር ያለበት ልጅ ችግሩ በሚሰማቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይታያል፤ በአማርኛ ብቻ የሚጨነቅ ልጅ ግን ጤነኛ ልጅ ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ መርማሪ ጤነኛውን ልጅ «ዘገምተኛ» ብሎ ሊመዘግበው፣ በተቃራኒው ደግሞ ችግር ያለበትን ልጅ «ቋንቋው አዲስ ስለሆነበት ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሁለቱም ስሕተቶች በልጁ ዕድሜ ልክ ላይ የሚጫወቱ ናቸው።

ስለሆነም ለጌዴኦ ዞን የሚያስፈልገው ከማዕከል የሚላክ ባለሙያ ብቻ ሳይሆን፣ ጌዴኦፋ የሚናገር ወይም ጌዴኦፋ ከሚያውቁ የቋንቋና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያዎች ጋር ተቀናጅቶ የሚሠራ ባለሙያ ነው።

የሙያው አመጣጥ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ይህ አገልግሎት መጀመሪያ የታየው በመንግሥት ተቋማት ሳይሆን በወላጆች ጥረት ነው። በ1994 ዓ.ም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ኦቲዝም በስሙ እንኳ በማይታወቅበት ወቅት በር ከፋች ሆኗል። የኦቲዝም ተጠቂ ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ፣ የአማርኛን ፊደል ድምፆች መሠረት በማድረግ ለማይናገሩ ልጆች ድምፅ ማስለመጃ የሚሆን «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ ዘዴ ቀርጸው ሠርተውበታል። በ2013 ዓ.ም በሞት ቢለዩም የጀመሩት ሥራ አገር በቀል ቋንቋን መሠረት ያደረገ ሕክምና እንደሚቻል ያሳየ ነው። በወላጆች የተመሠረተው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የዚሁ ጥረት አካል ነው።

ሙያው መደበኛ የከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራም የተከፈተው በተለይ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ሕክምና ከሚሰጥበት የየካቲት 12 ሆስፒታል ጋር በመቀናጀትና ትራንስፎርሚንግ ፌስስ በተባለ የካናዳ ድርጅት ድጋፍ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ወደ ሥራ የገቡት በ2010ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አገር የተመራቂዎቹ ቁጥር እጅግ አነስተኛ ቢሆንም፣ ሙያው በአገር ውስጥ፣ በአገር ልጅ መሰጠት መጀመሩ ትልቅ እመርታ ነው።

የጎረቤት አገር ተሞክሮም ትምህርት ይሰጣል። በምሥራቅ አፍሪካ የመጀመሪያውን የንግግርና የቋንቋ ሕክምና የዲግሪ ፕሮግራም እ.ኤ.አ በ2008 የጀመረው የኡጋንዳው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት በአካባቢው ሙያውን መማር የሚሻ ሰው ወደ ሩቅ አገር መሄድ ነበረበት። በውጭ የተማረው ባለሙያ በውጭ መቅረቱ፣ ቢመለስም በሌላ ቋንቋ የተማረውን ለማጣጣም ዓመታት መውሰዱ የተለመደ ነው። በአገር ውስጥ ማሠልጠን ይህን ኪሳራ ይቀንሳል።

አዲስ ሙያን ከምንም አንሥቶ ማቋቋም እንደሚቻል የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋም ምስክር ነው። መስማት የተሳናቸው ልጆች በሆሳዕናና በሌሎች ጥቂት ትምህርት ቤቶች ብቻ ይማሩ ከነበረበት ሁኔታ ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ የትምህርት ዘርፍ ለመሆን በቅቷል። በዚህም ቋንቋው ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል።

ሰንሰለቱ የሚላላበት ቦታ

የኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት ከጤና ኬላ ጀምሮ በጤና ጣቢያ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ በአጠቃላይና በሪፈራል ሆስፒታል የተያያዘ ነው። አንድ ጤና ኬላ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሰዎችን ያገለግላል። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚንቀሳቀሱ ሴት ባለሙያዎችን አሰማርቷል። በወርቃ አንድ ልጅ በሁለት ዓመቱ አለመናገሩን ከወላጆቹ ቀጥሎ ልታስተውል የምትችለው የመንግሥት ሠራተኛ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት።

ይህ የሚቻል ለመሆኑ ማስረጃ አለ። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በተዘጋጀው ሂት በመባል በሚታወቀው የሥልጠና ፕሮግራም ውስጥ የአእምሮ ጤናና የሕፃናት የእድገት ችግሮች ተካተው ተሰጥተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት ችግር ላለባቸው ሕፃናት ወላጆች ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ክህሎት ሥልጠናም ከኢትዮጵያ ሁኔታ ጋር ተጣጥሞ በአዲስ አበባና በቡታጅራ አካባቢ ተሞክሯል። ሥልጠናውን የሰጡት የንግግር ሐኪሞች ብቻ አለመሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል።

ሰንሰለቱ የሚላላው ከዚህ በላይ ነው። ባለሙያዋ ችግሩን ብታስተውል ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ጤና ጣቢያው ጆሮውን ሊያይ፣ መግል ካለው ሊያክም ይችላል። ከዚያ በላይ ያለው ወደ ዲላ፣ ከዲላም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወርቃ ደግሞ ከዋናው የሞያሌ መንገድ ወጣ ብላ የምትገኝ ናት። የንግግር ሕክምና በአንድ ቀጠሮ የሚያልቅ ሳይሆን ለወራት መመላለስን የሚጠይቅ ነው። ለአንድ አርሶ አደር ቤተሰብ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና መልቀሚያ ወቅት ልጅ ይዞ ለሳምንታት አዲስ አበባ መቀመጥ የዓመቱን ገቢ መተው ማለት ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ሪፈር የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያ ወረቀት በመዝገብ ላይ «ተልኳል» ተብሎ ይቆጠራል፤ ልጁ ግን አልታከመም።

በዚህ ላይ በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተከሰተው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች ተፈናቅለው፣ ገደብን ጨምሮ በዞኑ ወረዳዎች ተጠልለው እንደነበር ይታወሳል። በመፈናቀል ወቅት ክትባት ይቋረጣል፣ የታመመ ጆሮ ሳይታከም ይቆያል፣ በትምህርት ቤት የተጀመረ ክትትል ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ጨቅላ የነበሩት ልጆች አሁን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወንበር ላይ ይገኛሉ። ክፍል የደገሙትንና ትምህርት ያቋረጡትን «ሰነፍ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ምን ያህሉ መስማትና መናገር እንደተቸገሩ መፈተሽ ተገቢ ነው።

ሕጉ የሚያዝዘውና አቅም የሚፈቅደው

ጉዳዩ የበጎ አድራጎት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። በ2002 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 676 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ችግሮችን በለጋ ዕድሜ ለይቶ ማወቅን፣ አገልግሎቱን ገጠሩን ጨምሮ ለነዋሪው በተቻለ መጠን ማቅረብንና የተሐድሶ ባለሙያዎችን ማሠልጠንን ግዴታ አድርጎ አስቀምጧል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ በ2023 ተሐድሶ የጤና ሥርዓቱ መደበኛ አካል እንዲሆን ወስኗል።

በሌላ በኩል «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መድኃኒት በሚያጥርበት፣ ደመወዝ በሚዘገይበት ሁኔታ ስለ ንግግር ሕክምና ማንሣት ቅንጦት ነው የሚሉ ወገኖች አይጠፉም። ክርክሩ ክብደት ያለው በመሆኑ መልስ ይሻል።

በቅድሚያ ይህ ሙያ ከተሐድሶ ሕክምናዎች ሁሉ አነስተኛ መሣሪያ ከሚጠይቁት አንዱ ነው። ጸጥ ያለ ክፍል፣ የመስማት መመርመሪያ መሣሪያ፣ የአካባቢውን ሕይወት የሚያሳዩ ሥዕሎችና መጫወቻዎች ይበቁታል። ዋናው ወጪ የሰው ኃይል ነው። በሁለተኛ ደረጃ ወጪው በአንድም በሌላም መንገድ መከፈሉ አይቀርም። ላንቃው በብዙ ወጪ ተሰፍቶ ንግግሩ ያልተቃና ልጅ፣ በየክፍሉ እየደገመ የመምህርና የመጽሐፍ በጀት የሚወስድ ተማሪ፣ ልጁን ለመጠበቅ ከሥራ ውጪ የሆነች እናት ሁሉም በሕዝብ ሀብት ላይ የሚመዘገቡ ወጪዎች ናቸው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ የሒሳብ ትርጉም አለው።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ የሚያሻቸው ሁለት አካሄዶች አሉ። አንደኛው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ብቻ አሠልጥኖ መተው ነው። የሚልኩበት ቦታ ሳይኖር ችግሩን እንዲለዩ ማድረግ ወላጆችን ለተስፋ መቁረጥ፣ ሠራተኞችንም ለመሰላቸት ይዳርጋል። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ባለሙያ ብቻውን ወደ ወረዳ መላክ ነው። መደብ፣ የሥራ ዝርዝር፣ የበላይ ተቆጣጣሪና የእድገት መሰላል የሌለው ባለሙያ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ማዕከል መመለሱ ወይም ሙያውን መተዉ የማይቀር ነው። ወጣቶች አንድን ሙያ የሚመርጡት ሲያገለግሉ የሚኖሩበትና የሚያድጉበት መንገድ ሲታያቸው ነው።

ምን ይደረግ?

በዚህ ረገድ ለጌዴኦ ዞን ተስማሚ የሚሆነው መነሻ ዲላን ማዕከል ያደረገ አደረጃጀት ነው። ዲላ በነሐሴ 2015 ዓ.ም የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከሚገለገልባቸው የማዕከል ከተሞች አንዷ ናት። በ1988 ዓ.ም በኮሌጅነት ሥራ ጀምሮ በ1999 ዓ.ም ራሱን የቻለ ተቋም የሆነው ዲላ ዩኒቨርሲቲም የማስተማሪያ ሆስፒታል፣ የጤና ሳይንስና የትምህርት ዘርፎች በአንድ ጥላ ሥር አሉት። ለዚህ ሙያ የሚያስፈልጉት ሕክምና፣ ትምህርትና ቋንቋ በአንድ ከተማ የመገኘታቸው ዕድል በሁሉም ዞኖች የሚገኝ አይደለም።

የመጀመሪያው ተግባር በሆስፒታሉ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ቋሚ መደብ እንዲኖር ማድረግ ነው። ይህ የጤና ቢሮውን፣ የዩኒቨርሲቲውንና የሰው ሀብት አስተዳደር መሥሪያ ቤቶችን የጋራ ውሳኔ ይጠይቃል። መደቡ ከተፈቀደ ዞኑ ጌዴኦፋ ተናጋሪ ወጣቶችን መልምሎ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለመላክና ሲመለሱም ለመቅጠር ውል መግባት ይችላል። ያለ መደብ ማሠልጠን ለሌላ አካባቢ ማሠልጠን ይሆናል።

ሁለተኛው በዲላ የሚቀመጠው ባለሙያ በቋሚ የጊዜ ሰሌዳ ወደ ይርጋጨፌ፣ ኮቾሬ፣ ቡሌ፣ ወናጎና ገደብ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ነው። የጊዜ ሰሌዳው የቡና መልቀሚያን ወቅት ያገናዘበ፣ የሚቻል ሲሆንም ከክትባት ቀንና ከገበያ ቀን ጋር የተያያዘ ቢሆን ከወርቃ የሚመጣ ቤተሰብ አንድ ጉዞ ለሁለት ጉዳይ ይጠቀምበታል። በጉብኝቶቹ መካከል ያለውን ክትትል የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና መምህሩ ሊያከናውኑት ይችላሉ።

ሦስተኛው የትምህርት ዘርፉን ይመለከታል። በ1998 ዓ.ም የወጣውና በ2004 ዓ.ም የተከለሰው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በየአካባቢው የአካቶ ትምህርት የመርጃ ማዕከላት እንዲደራጁ መንገድ ከፍቷል። ማዕከላቱ የንግግር ልምምድ የሚሰጥባቸው ቦታዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ልጅ አንደኛ ክፍል ሲመዘገብ የመስማትና የንግግር ቀላል ማጣሪያ እንዲደረግለት ቢደረግ መምህሩ የማይሰማውን ልጅ ከማይታዘዘው ልጅ ለመለየት ይችላል።

አራተኛው መረጃ ነው። ሪፖርቶች «ስንት ልጅ ተላከ» ብለው ከሚጠይቁ ይልቅ «ከተላኩት ስንቱ ደረሰ፣ ስንቱስ ክትትሉን ጨረሰ» ብለው ቢጠይቁ የሰንሰለቱ መላላት በየሩብ ዓመቱ ፊት ለፊት ይታያል። ይህ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ፣ የቅጽ ማሻሻያ ብቻ የሚሻ ነው።

አምስተኛው የጌዴኦፋ መመዘኛና ሥዕላዊ ማስተማሪያ ማዘጋጀት ነው። የጌዴኦ ሕፃናት በሁለት፣ በሦስትና በአራት ዓመታቸው በቋንቋቸው ምን ይላሉ የሚለውን ማጥናት ለቋንቋ መምህራንና ለተመራቂ ተማሪዎች ተገቢ የምርምር ርዕስ ነው። ውጤቱ ለሕክምናው ብቻ ሳይሆን ለመጀመሪያዎቹ ክፍሎች መጻሕፍት ዝግጅትም ይጠቅማል።

እነዚህ ተግባራት በአንድ የበጀት ዓመት የሚጠናቀቁ አይደሉም። ቅደም ተከተላቸው ግን ግልጽ ነው። የጆሮ ሕመምን ማከም፣ ቅጹን ማሻሻልና የተማሪዎችን ማጣሪያ መጀመር አሁን ባለው የሰው ኃይል ይቻላል። መደብ ማስፈቀድ የበላይ ውሳኔ ይጠይቃል፤ ባለሙያ ማፍራት ደግሞ ዓመታት ይወስዳል። ዛሬ ወደ ሥልጠና የሚላክ ወጣት ተመርቆ ዲላ እስኪደርስ ድረስ ዘንድሮ በወርቃ የሚወለደው ሕፃን ለአጸደ ሕፃናት ይደርሳል። ውሳኔው በአንድ ዓመት በዘገየ ቁጥር ከእርሱ ቀጥሎ የተወለዱት ሕፃናት ያለ አገልግሎት ወደ ትምህርት ቤት ይገባሉ። በመሆኑም የዞኑ አስተዳደር፣ የጤናና የትምህርት መዋቅሮች፣ ዩኒቨርሲቲውና የክልሉ የሰው ሀብት አስተዳደር አካላት ጉዳዩን በመጪው ዕቅዳቸው ውስጥ በስሙ አካተው በቅንጅት ሊሠሩበት ይገባል።